ጥፍሬ እስኪያድግ

ሚያዝያ 17፣ ዓርብ

በስድሳ አንድ ዓመቴ ጥፍር አስቀጠልኩ። ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው፤ እጁን ግን ገና አልለመድኩትም።

ሐሳቡ የእኔ አይደለም። የወንድሜ ልጅ ዳጊ እሑድ ታገባለች፤ ሙሽራ ደግሞ ለአንድ ሳምንት መንግሥት ናት። «አክስቴ፣ ፎቶው ላይ እጅሽ ይታያል» አለችኝ። እጄን አየሁት። ዕድሜውን ሙሉ ጠመኔ ሲይዝ የኖረ እጅ ነው፤ ፎቶ ላይ ባይታይ የሚከፋው የለም። ይህንኑ ነገርኳት። ባጃጅ አስቁማ አስገባችኝ።

ሳሎኑ እዚሁ ሰፈራችን፣ ከዚራ ነው፤ ዛፎቹ መንገዱን ከላይ የገጠሙበት ጋ። የሳሎኑ ባለቤት ሳቢሪን ትባላለች። ገና ስገባ «ቲቸር!» ብላ ብድግ አለች። ዘጠነኛ ክፍል አማርኛ አስተምሬያታለሁ። ስሟን ስትነግረኝ ትዝ አለችኝ፤ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ከዴስኩ ሥር የጓደኞቿን ጥፍር የምትቀባዋ። አንድ ቀን ከክፍል አስወጥቻት ነበር።

«አየሽ፣ ያን ቀን ብትተዪኝ ኖሮ ዛሬ ከዚህም እበልጥ ነበር» አለችኝ እጄን እየሳበች።

አንቺ እያለች ነው የምታወራኝ። ድሬ ላይ አንቱታ እንደ ብርድ ልብስ ነው፤ በየቤቱ አለ፣ የሚለብሰው የለም።

የጥፍሬን ሥር ገፋ ገፋ አደረገች፣ ፊቱን ሞረደች፣ የሚሸት ነገር ቀባች፤ ከዚያ ጄሉን እንደ ማር እየጎተተች ከጣቴ ጫፍ አሳልፋ ዘረጋችው። «አሁን መብራቱ ውስጥ አስገቢ። ካቃጠለሽ አውጪ።» በሚያዝያ፣ ድሬ ዳዋ ላይ፣ ሰው በፈቃዱ እጁን ተጨማሪ ሙቀት ውስጥ ያስገባል። ሥልጣኔ የሚሉት ይህን ሳይሆን አይቀርም። ቀለሙን ዳጊ መረጠች። ቀይ። ጤነኛ ሰው ከሩቅ የሚያየው ቀይ።

የሳቢሪን የራሷ ጥፍር ግን አጭርና ባዶ ነው። «ጥርስ የሌለው የጥርስ ሐኪም» አልኳት።

«ሶላት አለብኝ ቲቸር። ጄል ካለ ውኃ ጥፍሩን አይነካም፤ ውኃ ካልነካው የሶላት መታጠቡ፣ ዉዱእ፣ አይሆንም።»

በወሩ ውስጥ ሶላት በማይኖርባት ቀናት ብቻ አዲስ ቀለም በራሷ ላይ ትሞክራለች። ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ የወሯን ነገር ከጥፍሯ ያነብባል። እሷ ግድ የላትም።

ስወጣ «በዚህ ሙቀት ሻርፕ?» አለችኝ አንገቴን እያየች። ፋሽን ነው አልኳት።

ማታ ለባለቤቴ እጄን ዘረጋሁለት። ገብረወልድ ጡረታ እስኪወጣ ምድር ባቡር ነበር። ሥራው ቆሞ ባደረ ባቡር ሥር እየዞረ የፉርጎዎቹን የብረት ጎማ በረጅም መዶሻ መምታት ነው። ደህናው ጎማ ይጮኻል፣ ስንጥቅ ያለው ያጉተመትማል። በዚያ ሥራና በጥገናው ሁካታ ጆሮው አለቀ። ሬዲዮ አይሰማም፣ ስልክ አይሰማም፣ ባጃጅ ከኋላው ጡሩምባ ቢነፋ ዞር አይልም። የእኔን ድምፅ ግን ይሰማል። ሐኪም አንድ ጊዜ «ወፍራም ስለሆነ ነው» ብሎኛል፤ እኔ ግን ስድሳ ተማሪ ያስተኛ ድምፅ አንድ ባል ቢደርስ አይገርመኝም።

ገብረወልድ ጥፍሮቼን ተራ በተራ በራሱ ጥፍር መታቸው። ጆሮውን አላስጠጋም፤ በጣቱ ነው የሚሰማው።

«ሁሉም ደህና ናቸው» አለ። «ጉዞ ይችላሉ።»

ሚያዝያ 19፣ እሑድ

ሠርግ። እግሬ አበጠ። ሙዚቃው ገብረወልድን እንኳ ረበሸው፤ በደረቴ ሰማሁት አለ።

ከኋላዬ አንዲት ሴት ለሌላዋ፦ «ያቺ ባለ ቀይ ጥፍር ባልቴት የማን ወገን ናት?»

ዞር ብዬ በአሥሩም ጣቴ ሰላም አልኳት።

ሚያዝያ 22፣ ረቡዕ

አንገቴ ላይ ተከራይ አለች። ውል አልተዋዋልንም። መጀመሪያ የሽምብራ ፍሬ ታህል ነበር፤ አሁን ሎሚ አክላለች። ሻርፑ ለእሷ ነው።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ዐይን ዐይኔን አያይም። በመርፌ የወሰዱት ናሙና አልለየም አለ። «እንቅርቱ ክፉ ይሁን ደግ ሳይወጣ አይታወቅም። መውጣት አለበት።» ከዚያ ወረቀት ላይ ሥዕል ሣለልኝ፤ ከጀርባው ለድምፅ የሚያገለግል ቀጭን ነርቭ ያልፋል። «እንጠነቀቃለን። አብዛኛው ሰው ምንም አይሆንም።»

«የቀረውስ?»

«ድምፁ ይጎረንናል፤ አንዳንዱ ጨርሶ ይጠፋበታል። አንዳንዴ ይመለሳል።»

«አንዳንዴ» የሚለውን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር ኖሬያለሁ። እንዲህ ይከብዳል ብዬ ገምቼ አላውቅም።

ቀጠሮ የያዘችልኝ ሲስተር ሑዳ እጄን ስታይ ሳቋ መጣ። «ማሻአላህ ያምራል፤ ግን ይነሳል ቲቸር። ጣት ላይ የምንሰካው የኦክስጅን መለኪያ በጄል ላይ በደንብ አያነብም። ደግሞ ሰመመን ውስጥ ስትሆኚ የጥፍርሽን ቀለም ማየት አለብን።»

«ገና አዲስ ነው» አልኳት።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። አዲስ መሆኑ ግን እውነት ነው።

ቀጠሮው ለግንቦት 6። ቤት ስገባ ገብረወልድ «ምን አሉሽ?» አለ። «ግፊት» አልኩት። በእኛ ዕድሜ ግፊት ሁልጊዜ እውነት ነው። ነገ እነግረዋለሁ።

ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ

አልነገርኩትም።

ከምሳ በኋላ ድሬ ትተኛለች። ያልተኛው ይቅማል። እኛ ሁለታችን በረንዳ ላይ ነን፤ እኔ አነብባለሁ፣ እሱ ይሰማል። ባቡሩ ከቆመ ጀምሮ እንዲህ ነው። ዘንድሮ የያዝነው ወፍራም የወንጀል ልቦለድ ነው። አንድ የጉምሩክ ሹም በገዛ መጋዘኑ ሞቶ ተገኝቷል፤ እስካሁን ባነበብነው ገዳዩ ሰባት ሰው ሊሆን ይችላል። ገብረወልድ ሾፌሩን ይጠረጥራል። ሾፌር ሲባል ሁሉ ይጠረጥራል፤ መኪና ነው ባቡሩን የገደለው ይላል።

ለእሱ እንዲደርስ በክፍል ድምፅ ስለማነብብ፣ ከግንቡ ወዲያ ያለው ባለሱቁ ዐብዲሻኩርም ይከታተላል። ዛሬ አንድ ገጽ ዘልዬ ኖሮ «አቦ ቲቸር! ሴትየዋ መቼ ነው ከባቡር የወረደችው?» ብሎ ጮኸ። ተመልሼ አወረድኳት።

ምዕራፉን ሳልጨርስ ጉሮሮዬ ደከመ። አቧራ ነው።

«አጠረ ዛሬ» አለ ገብረወልድ። አየኝ። ከዚያ መንገዱን አየ።

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ

ነገ ቀጠሮዬ ስለሆነ ጥፍሬን ላስነሳ ሄድኩ። ይህ በግልጽ ይመዝገብ፤ ላስነሳ ነው የሄድኩት።

ሳቢሪን ጣቴን አገላብጣ አየች። ጄሉ ከሥሩ ወደፊት ሄዶ የራሴ ጥፍር እንደ አዲስ ጨረቃ ብቅ ብሏል። «ምን ይሁን? ይነሳ ወይስ ይሞላ?»

አፌን ከፈትኩ። «ቢነሳ ምን ይሆናል?»

«ምንም አይሆንም። ከሥሩ ያለው ትንሽ ሳስቷል፣ ወረቀት ይመስልሻል። ካልቸኮልሽ ጥፍርሽ እስኪያድግ እየሞላን ብንቆይ ይሻላል።»

ጥፍርሽ እስኪያድግ። ይህን ዓረፍተ ነገር እንደ ሳንቲም መሐረቤ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት።

«ሙዪልኝ» አልኳት።

ከጎኔ ፀጉሯን የምትሠራ ሴት በስልኳ እያወራች ነበር፦ «ፈርቼ አይደለም፣ ጊዜ አጥቼ ነው።» አንዳንድ ሰው ራሱን ሲያታልል ድምፁ ያስታውቃል።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ለሲስተር ሑዳ ደወልኩ።

«ጥፍሬ ሥሩ ሳስቷል። ባለሙያዋ እስኪያድግ ይቆይ ብላለች።»

«ቲቸር፣ ጥፍርሽ ሲያድግ ሌላውም ያድጋል።»

ሥነ ጽሑፍ ብታጠና ጥሩ ነበር። አዲስ ቀጠሮ፣ ሰኔ 4። ጥፍሩ ሳይነሳ እንዳትመጪ፣ ሳትመጪም እንዳትቀሪ አለችኝ።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

ሙቀት። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ።

ውኃ ስጠጣ ሁለቴ አስባለሁ። ሳል። አቧራው ዘንድሮ በዛ።

ዳጊ ከሐዋሳ ደወለች፤ የባሏን ምግብ አማረረች። «ድምፅሽ ምን ሆኗል?» አለች። ኔትወርኩ ነው አልኳት።

አልነገርኩትም።

ግንቦት 21፣ ሐሙስ

የግቢውን በር ስዘጋ የቀኝ እጄን አመልካች ጣት መታኝ። ከላይ ሲያዩት ምንም የለውም፤ ቀዩ ቀይ እንደሆነ ነው። ለማንም አላልኩም።

ማታ ገብረወልድ እጄን አምጪ አለኝ። የጥፍር ምርመራው አሁን የእሑድና የሐሙስ ልማድ ሆኗል። እሱ እንደ ቀልድ ይጀምረዋል፣ መሐል ላይ ፊቱ የሥራ ፊት ይሆናል። አውራ ጣት፣ ደህና። አመልካች ጣት ላይ ቆመ። ደግሞ መታው። ዐይኑን ጨፈነ።

«ይቺ ለቃለች።»

«ታያለህ እንዴ? ምንም የላትም።»

«ከላይ የላትም» አለ። እጄን ግን አልለቀቀም። «እፄ፣ ስንጥቅ ያለው ጎማ እንዴት እንደሚያታልል ታውቂያለሽ? ያብረቀርቃል። ቀጣዩ ጣቢያ ደርሶ ይመለሳል። አዋሽ ደርሶ ይመለሳል። አንድ ቀን ሙሉ ፉርጎ ይዞ ይወድቃል።»

«ለጥፍር ነው ይህ ሁሉ ንግግር?»

«ለጥፍር ነው» አለ።

ሰውየው ሲያረጅ ወሬ እየወደደ ነው።

ግንቦት 27፣ ረቡዕ

ከነገ ወዲያ ዓረፋ ነው። ሳሎኑ ጢም ብሏል። ግማሹ ሴት ጄል ሊያስነሳ፣ ግማሹ ሂና ሊደረግለት መጥቷል። ለበዓሉ ሶላት ንጹሕ ጥፍር ያስፈልጋል፤ ሂና ውኃ ስለማይከለክል ችግር የለውም። ጄል የሚያስነሳው ሁሉ በአሥር ጣቱ ላይ ፎይል ጠቅልሎ ተቀምጧል። ከመንገድ ለሚያይ፣ በሬዲዮ ሞገድ ከሌላ ዓለም ጋር የምንገናኝ እንመስላለን።

እኔ የለቀቀችውን ላስደፍን ነበር የሄድኩት። ሳቢሪን ጫፏን በቀጭን እንጨት ነካ ስታደርጋት ተነሳች። ከሥሯ እርጥብ ነበር።

«የለቀቀ ላይ አልደርብም» አለች። «ውኃ ይዟል። ከላይ ብደፍነው ያምራል፣ ከሥር ይበሰብሳል።»

«እስኪያድግ ብለሽኝ አልነበር?»

«ያ ደህናው ነዋ!»

ይሄኔ ፊልሳን ገባችበት። ታይዋን ገበያ የጨርቅ ሱቅ አላት፤ ምስጢር ስታወራ እንኳ ለዋጋ እንደምትጣራ ነው። «አባዮ፣ አንሺላት ባክሽ። የእህቴ ልጅ በኦፕራሲዮን ልትወልድ ስትሄድ ጄል ነበራት። ሳይነሳ አናስገባም ብለው በር ላይ አሴቶን ፍለጋ ተሯሯጡ። ልጁ ግን አሴቶን አልጠበቀም፤ በራሱ መንገድ ወጣ!»

ሰዉ ሳቀ። የሳቢሪን እንጨት ግን ቆመ። ጥፍሬን አየች። ሻርፔን አየች። ሳልከለክላት በሁለት ጣት ሻርፑን ዝቅ አደረገችው።

«ቀጠሮሽ መቼ ነው?»

«የምን ቀጠሮ?»

«ቲቸር፣ የቤት ሥራ እንዳልሠራ ተማሪ አትሁኚ።»

«ነበረ። ጥፍሩ አዲስ ስለነበረ…»

«እኔን ነው ምክንያት ያደረግሽው?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ እሱ ነው የከበደኝ። «ወላሂ በጥፍር ባሏን ያስቀናች አይቻለሁ። አማቷን ያናደደች አይቻለሁ። በጥፍር ከሐኪም የሸሸች ግን የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ። እኔ ይህን እጅ ይዤ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም፤ ሙዪ ስትዪኝ ሞላሁ!»

ፊልሳን አንገቷን አስግጋ አየችኝ። «እንቅርት ነው? አብሽሪ! የኔ አክስት አስወጥታለች፤ ዛሬም አፏ አይዘጋም። እንዲያውም ቢዘጋልን ደስ ባለን።»

እንደገና ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ሳቄ መሐል ላይ ተሰበረና በሳል ጨረስኩት።

«ከዛሬ ጀምሮ ሙሌት የለም» አለች ሳቢሪን። «ይነሳል፣ አለበለዚያ ሌላ ቦታ ሂጂ።»

የመጨረሻውን እንደ ምክር ወሰድኩት።

ግንቦት 30፣ ቅዳሜ

ዐብዲሻኩር የዓረፋ ሥጋ ለጎረቤት ሁሉ ሲያድል፣ ለእኛ ስለማንበላለት ሙሉ ሐብሐብ ላከ። «ገዳዩን ሳታሳውቁኝ እንዳትጨርሱ» ብሏል።

ከሰዓት ባጃጅ ይዤ ሳቢያን ሰፈር ሄድኩ። እዚያ አዲስ ሳሎን ተከፍቷል፤ መስታወቱ ከእኛ ይበልጣል። ልጅቷ እጄን ተቀበለች፣ ጥፍሬን አየች፣ ሻርፔን አየች፣ ስልኳን አየች።

«ስምሽ እፀገነት ነው?»

«በምን አወቅሽ?»

«ሳቢሪን ደውላለች። ቀይ ጥፍር፣ ሻርፕ፣ የሰው አማርኛ እያረመች የምታወራ ሴትዮ ከመጣች አትንኳት ብላለች።»

«እያረመች የምታወራ አይባልም፤ የምታርም ነው የሚባለው» አልኩ።

«እሷው ናት» አለች ልጅቷ ለጓደኛዋ።

«የት የት ነው የደወለችው?»

«ሁሉም ጋ።»

ስለዚህ በድሬ ዳዋ ከተማ ጥፍር የሚሞላልኝ የለም። ስመለስ ባጃጁ ውስጥ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ቢዮ አዋሌ ሳሎን ይኖር ይሆን ብዬ ማሰቤን አልክድም። በስድሳ አንድ ዓመቴ።

ሰኔ 1፣ እሑድ

አንድ ገጽ ብቻ አነበብኩ። ሁለተኛው ላይ ድምፄ እንደ ባዶ ቧንቧ ነፋስ አወጣ። ውኃ ጠጥቼ ልቀጥል ስል ገብረወልድ መጽሐፉን ከእጄ ወሰደ፤ ገጹ እንዳይጠፋ ጣቱን መሐል አድርጎ ዘጋው።

«ከጥምቀት ጀምሮ ነው» አለ።

«ምኑ?»

«ድምፅሽ። ያጉተመትማል።»

«አቧራ…»

«እፄ። ስንጥቅ አላውቅም?»

ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሰማው እሱ ነው። ዳጊ ሳትሰማ፣ ሐኪሙ ሳይሰማ፣ እኔ ሳልሰማ። ከተማው ሙሉ ደንቆሮ የሚለው ሰውዬ።

ነገርኩት። ተከራይዋን፣ ናሙናውን፣ የተሣለልኝን ነርቭ፣ ያሳለፍኩትን ቀጠሮ፣ ሳቢያንን ጭምር። እንዲሰማኝ ጮክ ማለት ነበረብኝ፤ ስለዚህ ለዐብዲሻኩርም ነገርኩት ማለት ነው። ከግንቡ ወዲያ የሚዛኑ ኳኳታ ቆመ።

«ካወቅክ ለምን ዝም አልክ?» አልኩት።

«ግፊት ነው ስትዪኝ መፍራትሽን አየሁ። የፈራ ሰው አይገፋም ብዬ ጠበቅኩ።» የመጽሐፉን ጀርባ በአውራ ጣቱ አሸው። «ልክ አልነበርኩም። ጎማ ቢሆን ባቡሩን አስቆም ነበር።»

«ድምፄ ባይመለስስ? ያኔ አንተ ማንን…»

አልጨረስኩትም። ሙቀቱ ነው፣ ዐይኔን አላበኝ።

ገብረወልድ አሰበ። እሱ ሲያስብ ጊዜ ይወስዳል፤ ቀድሞውንም ለባቡር ሰዓት የሚጨነቀው ተሳፋሪው እንጂ እሱ አልነበረም።

«ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰምቼሻለሁ» አለ። «ያመለጠኝ ካለ በጽሑፍ ታመጪዋለሽ።»

ከግንቡ ወዲያ አንድ ሰው በኃይል ተናፈጠ። «አላህ ያሽርሽ ቲቸር» አለ ዐብዲሻኩር። «ሳልሰማ ነው የምናገረው።»

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ሳቢሪን ሌላ ሰው አላስገባችም። የላዩን ቀይ ሞርዳ አቀለለችው፤ ጥጥ አሴቶን ውስጥ እየነከረች ጥፍሬ ላይ አስቀመጠች፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ በፎይል ጠቀለለች። እስኪለሰልስ ስንጠብቅ አሥር የብር ቆብ የደፉ ትንንሽ ሰዎች ጉልበቴ ላይ የተቀመጡ ይመስሉ ነበር።

«ከክፍል ያስወጣሽኝ ቀን ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ?» አለችኝ።

«ኧረ አላስታውስም።»

«'ሂጂ ታጠቢና ተመለሺ' አልሽኝ። ሌላ ቲቸር ቢሆን ሂጂ ብቻ ነው የሚለው። ታጥቤ ተመለስኩ። አንቺም ታጥበሽ ትመለሻለሽ።»

ፎይሉን ስትስበው ቀዩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተቀርፎ ወጣ። ከሥር ያለው ጥፍር ነጭ፣ ቀጭን፣ የሌላ ሰው። ዘይት ቀባችልኝ። ጣቴን ስታሸው ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ምን እንደምትል አልጠየቅኳትም።

«አላደገም እኮ» አልኳት ጥፍሬን እያየሁ።

«ያድጋል አቦ።»

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ጠዋት። ሊያስገቡኝ ነው።

ሲስተር ሑዳ ጣቶቼን ቆጠረች ማለት ይቻላል። «ጎበዝ» አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስሰጠው የኖርኩትን ቃል።

ገብረወልድ ኮሪደሩ ላይ ነው። ስሙን ጠራሁት። እንዲሁ፣ ለመጥራት። ዞር አለ።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

ድምፅ የለም። ነፋስ ብቻ።

ሐኪሙ ነርቩ አልተቆረጠም፣ ተጎድቷል አለ። እስኪመለስ ሳምንታት፣ ምናልባት ወራት። አሁን ዐይን ዐይኔን እያየ ነው የሚያወራው።

ዛሬ ማንንም አላረምኩም።

ሰኔ 16፣ ሰኞ

ቤት ገብቻለሁ። ውጤቱም መጣ። ተከራይዋ ስም ነበራት፤ ክፉ ስም ነው፣ እዚህ አልጽፈውም። ከነጓዟ ወጥታለች ብለዋል። ክትትል አለ። ሐኪሙ «ጥቂት ወር ብንቆይ ኖሮ» ብሎ ጀመረና ተወው። ጥቂት ወር ጥፍር ለማሳደግ በቂ ጊዜ ነው።

ችግሩ ገብረወልድ ነው። ጀርባውን ከሰጠኝ ጠፍቷል። በሹክሹክታ ስጠራው የግቢው ዶሮዎች እንኳ ዞር አይሉም። ጠረጴዛውን በጣቴ አንኳኳሁ፤ ባዶ ጥፍር ሳስቶ ሥጋ ብቻ ሆኗል፣ የድመት ኮቴ ያህል አይሰማም። ጠዋት ሻይ ፈልጌ እስኪዞር ድረስ ጠበቅኩት። ብዙ ጠበቅኩ። ማንኪያ መወርወርን አሰብኩ፤ ትዳር ነውና ተውኩት።

ከሰዓት ሳቢሪን ልትጠይቀኝ መጣች፣ ፓፓያ ይዛ። ተቀምጣ አየችን። እኔ ሳንኳኳ አየች፣ እሱ በረንዳው ላይ ጋዜጣ እንደያዘ ሳይዞር አየች። ቦርሳዋን ከፈተች፣ ትንሿን መብራት ሶኬት ላይ ሰካች።

ቀኝ እጄን ወሰደች። አመልካች ጣቴን ብቻ። ያቺን ለቃ የነበረችውን። በስሱ አጸዳቻት፣ ጄሉን ከወትሮው አወፍራ ዘረጋችው፣ ቀይ ቀባችው።

ወረቀት ላይ «ዘጠኙስ?» ብዬ ጻፍኩላት።

«ዘጠኙ ድምፅሽ ሲመለስ። እስከዚያ አንዷ ታውራ።»

የእሷ ጥፍር ዛሬም ባዶ ነው። ከመሄዷ በፊት ውኃ ለመነችን፣ ታጥባ በጓዳው በኩል ሰገደች፣ ፓፓያውን ቆርጣ አበላችኝ።

ሰኔ 22፣ እሑድ

ገብረወልድ ሲያነብብ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ዛሬ ከምሳ በኋላ መነጽሩን አደረገ፣ መጽሐፉን ከመደርደሪያው አወረደ፣ ጀመረ።

የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ለከዚራ በሙሉ ነው የሚያነብበው። ነጠላ ሰረዝ አያውቅም። አራት ነጥብ ሲያገኝ እንደ ትልቅ ጣቢያ ይቆማል፣ ተሳፋሪ ያወርዳል፣ ይጭናል፣ ከዚያ ይነሳል። ሟቹን የጉምሩክ ሹም ሁለት ጊዜ በሾፌሩ ስም ጠራው። በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች ቆመው ወደ በረንዳችን አዩ። ዐብዲሻኩር ከግንቡ ወዲያ በርጩማ ጎትቶ ሲቀመጥ ተሰማኝ። «ማሻአላህ፣ አሁን ነው በደንብ የሰማሁት» አለ።

የሰው አነባበብ ሳላርም ቁጭ ብዬ አላውቅም። አንገቴ በፋሻ ታስሯል፣ እጄ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እሱም ግራ መዳፉን እዚያው እንጨት ላይ ዘርግቶ አስቀምጧል። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም።

ሴትየዋ መጋዘኑን ከፍታ የምትገባበት ቦታ ደረሰ። አንድ ሙሉ አንቀጽ ዘለለና እርፍ አለ። ዐብዲሻኩር «አቦ…» ብሎ ጀመረ፤ ግን ለማን እንደሚጮህ ስላወቀ ተወው።

ቀይዋን ጥፍሬን አንሥቼ እንጨቱን አንድ ጊዜ መታሁ።

ገብረወልድ ቆመ። መዳፉን አላነሳም። ዐይኑን ከመጽሐፉ ሳያነሳ ጣቱን ወደ ላይ ወሰደ፣ የዘለለውን መስመር ፈልጎ አገኘው።

«እሺ» አለ። «ሰማሁ።»